ከማጠናከሪያ ትምህርት ቀርቶ ጽድ ሥር የተገኘው ልጅ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ተወልደን ያደግንበት ሰፈር ለልማት ሲነሣ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ገባን። ትልቁ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ደርሷል። ድሮ ደረጃ ይወጣ የነበረ ልጅ ዘንድሮ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤቱ አሽቆለቆለ። የክፍል ኃላፊው ‹አካሉ እዚህ ነው፣ ልቡ ግን ውጭ ነው፤ በመስኮት ሲያይ ይውላል› አሉኝ። ከቀለብ ቀንሼ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት አስገባሁት። ሦስት ሳምንት ‹ተምሬ መጣሁ› ሲለኝ ከርሞ፣ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ልሳለም ወደ ቤተ ክርስቲያን ጎራ ብል ከግቢው ጥግ ካለ ጽድ ሥር ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ደብተሩን ነጥቄ ሳየው ሦስት ገጽ ሒሳብ ሠርቶ አራተኛው ላይ ዛፍ ስሎበታል! ደብተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ሙሉ አጠገቤ አስቀምጬ አስጠናዋለሁ፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። እኅቱ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሷ ከቤት ንቅንቅ አትልም፣ ጨዋ ናት። ወንድሜ ‹ዛፍ ባለበት የሚያድግ ልጅ አእምሮው ይጎለብታል ተብሏል፤ ተይው› ይለኛል። እውነት ነው ጋሼ? ወይስ ልጄ ከትምህርት እየሸሸ ነው?»

የጨነቃት እናት

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የታየኝ ልጁ የዋሸሽ ሦስት ሳምንት ነው። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ ሦስቱ ገጽ ሒሳብ ላይ ቆመ። አንቺ በዛፉ ሥዕል ስለተናደድሽ ዘለልሻቸው። ጽድ ሥር ሆኖ ማንም ሳያዘው ሦስት ገጽ የሠራ ልጅ፣ አጠገብሽ አምስት ሰዓት ተቀምጦ አንድ ገጽ አልሞላም። የጥያቄሽን ግማሽ መልስ ራስሽ ጽፈሽ ልከሽልኛል።

ከውሸቱ ልጀምር፤ እሱን ሳልነካ ስለ ዛፍ ባወራ ልጁን የማበላሸው እኔ እሆናለሁ። ከቀለብ ተቀንሶ የተከፈለ ገንዘብ ነው፤ እሱ ደግሞ ሦስት ቅዳሜ ዓይንሽን እያየ «ተምሬ መጣሁ» ብሎሻል። ይህ ሊያሳፍረው ይገባል። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ፣ በእሱ ምክንያት ቤት ውስጥ ምን ሳይገዛ እንደቀረ ቁጭ ብለሽ ንገሪው፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይገባዋል። የቤት ውስጥ ሥራ ብትጨምሪበትም አልከራከርሽም። ነገር ግን ቅጣቱ ለውሸቱ ይሁን። ዛፉን የቀጣሽው እንደሆነ ልጁ የሚማረው ነገር ቢኖር ደኅና ቦታውን ከአንቺ መደበቅ ነው። ደግሞም «ለምን እዚያ ሄድህ?» ብለሽ ስለመጠየቅሽ አልጻፍሽልኝም። ካልጠየቅሽው ዛሬ ማታ ጠይቂው፤ ቆመሽ ሳይሆን ተቀምጠሽ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ነገር ልምጣ። እኛ «ልብ በል» እንላለን፤ የክፍል ኃላፊውም «ልቡ ውጭ ነው» ያሉት በዚሁ አነጋገር ነው። ይህ ልብ ማለት የምንለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በግድ ጎትተን የምናመጣው ነው፤ ቀመር ስንይዝ፣ መምህር ስናዳምጥ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን እየጮኸ ስናነብ የምንሠራበት። ሁለተኛው ሳንጠራው የሚመጣው ነው፤ ቅጠል ሲወዛወዝ፣ ወፍ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል ዓይናችን በራሱ ይሄዳል፣ ምንም ድካም የለውም። በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ሬቸል ካፕላን እና ስቲቨን ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያቀረቡት ሐሳብ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ትኩረት እንደሚደክምና ሁለተኛው በሥራ ላይ ሲሆን የመጀመሪያው እንደሚያርፍ ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዘሽ ወደ አራተኛ ፎቅ ስትወጪ ሦስተኛው ላይ ክንድሽ ይዝላል። ያኔ ክንድሽን ሰነፍ ብለሽ አትሰድቢውም፤ ጀሪካኑን ደረጃው ላይ አስቀምጠሽ ትንሽ ትተነፍሻለሽ። ልጅሽ ጽዱ ሥር የሚያደርገው ይህንኑ ይመስለኛል።

በልጅሽ ዕድሜ ላይ ደግሞ ሸክሙ ይከብዳል። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል፣ ማለትም ትኩረትን የሚገዛው፣ ስሜትን የሚገታው፣ ነገን የሚያቅደው ክፍል፣ ግንባታው እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ አያልቅም። ዘጠነኛ ክፍል ደግሞ የትምህርቱ ክብደት በአንድ ጊዜ የሚጨምርበት ነው። እናንተ ቤት በዚያ ላይ የሰፈር ለውጥ ተጨምሮበታል።

አንድ የሚቆጨኝን ነገር ላጫውትሽ። ሠላሳ ዓመት ያህል ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ካስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሁለት መማሪያ ክፍሎች ከአንድ ትልቅ የጃካራንዳ ዛፍ ፊት ለፊት ነበሩ። ተማሪዎቹ ውጭ ውጭውን እያዩ አስቸገሩ ተባለና በመምህራን ስብሰባ የመስኮቶቹ የታችኛው ሁለት ረድፍ መስታወት ነጭ የዘይት ቀለም እንዲቀባ ተወሰነ። እጃቸውን አውጥተው ከደገፉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ልጆቹ ግን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አላዞሩም። በጥፍራቸው ቀለሙን እየፋቁ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ ሠሩ፤ እኔም በየወንበሩ እየዞርኩ «ይህን የፋቀው ማን ነው?» እያልኩ ስቀጣ ኖርኩ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብዬ በአንዲቱ ቀዳዳ አየሁ። ሐምራዊ አበባ ያወጣች አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ነበረች የምትታየው። ስንት ልጅ በእርሷ ምክንያት እንደቀጣሁ አስታውሼ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቁጭቴን ያባሰው ደግሞ በኋላ ያነበብኩት ጥናት ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በሚገኙ አምስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 94 ተማሪዎች በዕጣ ሦስት ዓይነት ክፍሎች ውስጥ ተመደቡ፤ አንደኛው መስኮት የሌለው፣ ሁለተኛው መስኮቱ ሕንጻ የሚያሳይ፣ ሦስተኛው መስኮቱ ዛፍና ለምለም ነገር የሚያሳይ። አእምሮ የሚያደክም ሥራ ከሠሩ በኋላ እዚያው ክፍል ውስጥ አጭር ዕረፍት ተሰጣቸው። ከዕረፍቱ በኋላ ትኩረታቸው የታደሰው፣ ጭንቀታቸውም ይበልጥ የበረደው ዛፍ የሚያዩት ተማሪዎች ናቸው። ሕንጻ የሚያሳየው መስኮት ግን መስኮት ከሌለው ክፍል የተሻለ ነገር አላመጣም። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ልብ በይ፤ ጥቅሙ የታየው ከዕረፍቱ በኋላ ነው። ልጆቹ በሥራው መካከል አላረፉም፤ ዓይናቸው የሚያርፍበት ነገር ሲያገኝ ግን ለሚቀጥለው ሥራ ኃይል ተረፋቸው።

ወንድምሽ የሰማው ነገር ከለንደኑ ጥናት የተቀዳ ሳይሆን አይቀርም፤ በጉርምስና ዕድሜ ላይ ካሉት ሰፋ ያሉ ጥናቶች አንዱ እርሱ ነው። ተመራማሪዎቹ በ31 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 3,568 ልጆችን ይዘው፣ በየልጁ ቤትና ትምህርት ቤት ዙሪያ ምን ያህል ዛፍ፣ ምን ያህል ሣር፣ ምን ያህል ውኃ እንዳለ ከሳተላይት ምስል ለኩ። ልጆቹም በአእምሮ ይዞ የማስላት፣ ትኩረትን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው የማዞር ፈተና ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት መሠረት በዛፎች አቅራቢያ የሚውሉት ልጆች በአእምሮ ፈተናው የተሻለ እድገት አሳይተዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩም የስሜትና የጠባይ ችግር የሚገጥማቸው ዕድል በ16 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ሣር ይህን ውጤት አላሳየም፤ ውኃም በአእምሮ ፈተናው ላይ እንዲሁ። ውጤቱ የታየው ዛፍ በተሰበሰበበት ነው።

እዚህ ላይ ግን ወንድምሽም ቢሆን መጠንቀቅ አለበት። የለንደኑ ጥናት ልጆችን በዕጣ ዛፍ ያለበትና ዛፍ የሌለበት ሰፈር አላኖረም፤ ባሉበት ተከታትሎ ነው የለካው። ከልጆቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወላጆቻቸው በሙያና በኃላፊነት ሥራ ላይ ያሉ ናቸው። ባለ ገንዘብ ጥላ ያለበት ሰፈር መኖሩ ደግሞ በየትም አገር ያለ ነው። ተመራማሪዎቹ የወላጅ ሥራን የመሰሉ ነገሮችን በስሌቱ ውስጥ አስገብተው ለማስተካከል ሞክረዋል፤ ያም ሆኖ «ዛፉ ነው ጎበዝ ያደረገው» ብሎ መማል አይቻልም። ለውጡም በአንድ ልጅ ላይ ሲታይ ትንሽ ነው። ካርዱ ላይ ሃያ ነጥብ የሚጨምር ዛፍ የለም፤ ማንም እንዲህ ብሎ ቢነግርሽ አትቀበዪው። እኔ የምለው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለእኔ ግን በቂ ነው። የደከመ አእምሮ ዛፍ ባለበት ቦታ ከሌላው ቦታ የተሻለ ያርፋል፣ ያረፈ አእምሮ ደግሞ ይሠራል።

የአየሩም ነገር አለበት። በባርሴሎና 36 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ከልጅሽ ያነሱ፣ ከ7 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 2,593 ልጆች ለአንድ ዓመት ያህል ሲጠኑ፣ ትምህርት ቤታቸው ለምለም የሆነላቸው ልጆች በማስታወስ ችሎታ የተሻለ እድገት አሳይተዋል፤ የዚህም ከፊሉ ምክንያት የመኪና ጭስ መቀነስ መሆኑ ተገኝቷል። አስፋልት ዳር ቆሞ ሚኒባስ የሚጠብቅ ልጅ የሚስበውን አየርና የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያለውን አየር አንቺው ታውቂዋለሽ።

እንዲያው ይህ ሁሉ ቁጥር ለእኛ ያስፈልገን ነበር? የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ሲፈልግ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጥሻው፣ ወደ ዛፉ ጥላ ይሄዳል። መምህሩ «ከፊቴ ተቀምጠህ ቁጠር» አይሉትም። ብቻውን ውሎ ይመለስና ለመምህሩ አሰምቶ ይታረማል። ትናንትም ዛሬም፣ የብሔራዊ ፈተና ሲደርስ በየአድባራቱ ግቢ ደብተር ይዘው በጽድና በወይራ መካከል ወዲያ ወዲህ እያሉ የሚያጠኑ ልጆችን ያላየ አዲስ አበቤ የለም። ልጅሽ አዲስ ነገር አላመጣም፤ እዚያ ቦታ ከእርሱ በፊት ብዙ ተማሪ ተቀምጦበታል።

ታዲያ ምን ታድርጊ? ማጠናከሪያውን ጨርሶ ይተው አልልሽም። ልጁን በየትኛው ትምህርት እርዳታ እንደሚፈልግ ጠይቂውና ለዚያ ብቻ ይሂድ፤ ገንዘቡም ይቀንስልሻል። ከዚያ በኋላ ጽዱ ሥር አንድ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ፤ የት እንዳለ አንቺ እያወቅሽ። ስልኩን ቤት ትቶ ይሂድ። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ፣ ብዙ ወላጅ «ደክሞታል፣ ስልኩን እያየ ይረፍ» ሲል ስለምሰማ ነው። የዛለውን ክንድ ሌላ ጀሪካን ማሸከም ነው።

አምስት ሰዓት አጠገብሽ ማስቀመጡን ግን ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ተዪው። ቤት ሲያጠና ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይቆይ ወደ ታች ወርዶ ይዙርና ይመለስ። ጠረጴዛው ከግድግዳ ጋር ተጋጥሞ ከሆነ ወደ መስኮቱ አዙሪው። ከመስኮቱ የሚታየው የሌላ ብሎክ ግድግዳ ብቻ ከሆነ፣ በተቆረጠ ጀሪካን ጤና አዳምም ሮዝመሪም ተክለሽ በረንዳው ላይ ደርድሪ፤ ጽድን አይተካም፣ ግን ለዓይን ማረፊያ ይሆናል። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድም ከአንድ ፌርማታ በፊት ወርዶ፣ ጥላ ያለው የውስጥ መንገድ ካለ በዚያ ይሂድ።

ወር በገባ ቁጥር ደግሞ ሦስታችሁም ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ውጡ። ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ የአገራችን ዛፎች የሚጠበቁበት ነው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ኮሶና ዝግባ በዓይኑ ያላየ ልጅ ስንት ነው! ነገር ግን ወደ እንጦጦም ሆነ ወደ ሌላ ጫካ ብቻውን አትልኪው፤ ከጓደኛ ጋር፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚመላለስበት በኩል ይሁን።

በልጅሽ ፈዛዛነት ሌላ ምክንያት እንዳይኖርም አጣሪ። ዓይኑን አስመርምሪው፤ ሰሌዳው ሳይታየው ቀርቶ ወደ መስኮት የሚዞር ልጅ ስንቱን አይቻለሁ። ሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛል? ደግሞም ተወልዶ ያደገበትን ሰፈር፣ ጓደኞቹን፣ ምናልባትም ግቢያችሁ ውስጥ የነበረን ዛፍ በአንድ ቀን አጥቷል። አንቺም አጥተሻል፤ ነገር ግን አንቺ ስለዚያ ሰፈር የምታወሪያቸው ጎረቤቶች ይኖሩሽ ይሆናል፤ እርሱስ? ምግብ መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሁሉም ሰው መራቅ ወይም የተስፋ መቁረጥ ንግግር ካየሽበት ዛፍ አይበቃውም፤ ሳትዘገዪ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰጂው።

አሁን ወዳልጠየቅሽኝ ነገር ልሂድ። ስለ ሴት ልጅሽ የጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ከቤት ንቅንቅ አትልም፣ ጨዋ ናት» ይላል። እኅቴ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ከወንድ ልጅሽ ይልቅ አሳስቦኛል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ አንጎሏ እንደ ወንድሟ ገና እየተገነባ ነው፤ እንደ ወንድሟም ይደክማል። እርሱ ቢጨንቀው ሹልክ ብሎ ጽድ ሥር ይቀመጣል። እርሷ ግን ከትምህርት ቤት ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ደብተር ነው ሕይወቷ። የሴት ልጅ እናት ፍርሃት ይገባኛል፤ መንገዱም የሚያስፈራ ነው። እንግዲያው አብረሻት ውጪ፤ ወይም ወንድሟ ይዟት ይሂድ፤ ለውሸቱ ካሳም ይሁንለት። ዝም ማለቷን ደኅና ናት ማለት አድርገሽ አትቁጠሪው።

የመኖሪያችሁ ማኅበር ስብሰባ ሲጠራም አትቅሪ። በብሎኮቹ መካከል ያለችው ባዶ መሬት የመኪና ማቆሚያ ትሁን የሚል ሰው በየኮንዶሚኒየሙ አይጠፋም፤ ሣር ይነጠፍባት የሚልም ይኖራል። አንቺ ዛፍ በዪ። ለክረምቱ ጥቂት ችግኝ፣ ወይራም ጽድም ቢሆን፣ ልጆቹ ራሳቸው ይትከሉ፤ ውኃ የሚያጠጣውም ስም በስም ይመደብ፤ ተተክሎ የሚረሳ ችግኝ በሁለት ወር ይደርቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ቁም ሣጥኑን ክፈቺ። ደብተሩን ለልጅሽ መልሺለትና ሦስቱን ገጽ ሒሳብ አብራችሁ እዩት፤ ስንቱን አግኝቷል፣ የቱ ላይ ተሳስቷል። ከዚያ አራተኛውን ገጽ ግለጪና የሳለው የትኛውን ዛፍ እንደሆነ ጠይቂው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ነው ወይስ የድሮ ግቢያችሁን?